ፊልሙ ልክ፣ ኪቦርዱ ኋላ፣ ዙሙ እንደ ስልክ፦ የአንድ ብሉቱዝ ሄድፎን ጉዳይ

አንድ ሄድፎን፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ። ዩቲዩብ ላይ ፊልም ሲከፈት ድምፁና የተዋናዩ አፍ ይገጥማሉ። በዚያው ሰዓት ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ተከፍቶ ኪቦርድ ሲነካ ድምፁ ከጣት ኋላ ይቀራል። ዙም ሲከፈት ደግሞ የድምፁ ጥራት ድራሹ ይጠፋል፤ የድሮ የመስመር ስልክ የሚሰሙ ይመስላል።

የሄድፎኑ ባለቤት የአጎቴ ልጅ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት። ቅዳሜና እሁድ ከሠርግ ባንድ ጋር ኪቦርድ ይጫወታል፤ በአዘቦት ቀን ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ ዘፈን ያቀናብራል። አሜሪካ ለሚኖሩ የዘመድ ልጆችም በዙም ኪቦርድ ያስተምራል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል፣ ከጎን ሕፃናት አሉ። ስለዚህ ማታ ያለ ሄድፎን መሥራት የማይታሰብ ነው። ይኼኛውን ዱባይ ያለችው አክስቱ ናት የላከችለት። ካርቶኑ ላይ ኤስቢሲ፣ ኤኤሲ እና ኤልዳክ የሚሉ የኮዴክ፣ ማለትም የድምፅ ማጠፊያ ስልት፣ ስሞች ተጽፈዋል። ልጁም ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ኤልዳክ ትልቁ መሆኑን አውቋል።

«ጋሼ፣ ኤልዳክ ያለው እኮ ነው። ታዲያ ለምን ይዘገያል?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ቁም ነገር አለው። ብዙ ወጣት ሙዚቀኞችና ቪዲዮ አርታኢዎች በስንት ልፋት ባጠራቀሙት ገንዘብ ካርቶን ላይ ያለ ስም እያዩ ይገዛሉ። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ተከታተልነው።

መጀመሪያ መለካት ነበረብን። «ይዘገያል» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም፤ ስንት ነው የሚዘገየው? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የስልኩን ድምፅ መቅጃ ከፍተን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥነው። የሄድፎኑን አንድ ጆሮ ስልኩ ማይክ ዘንድ አስጠጋነው። የኪቦርዱን ድምፅ ወደ ከበሮ ቀየርነው፤ እንደ ቫዮሊን ቀስ ብሎ የሚነሳ ድምፅ ለልኬት አይመችም። ከዚያ አንድ ቁልፍ ጠንከር አድርጎ መታ። ቅጂው ውስጥ ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው ጣቱ ፕላስቲኩን ሲመታ ያለው ኳኳታ ነው፤ ሁለተኛው ከሄድፎኑ የሚወጣው የከበሮ ድምፅ። ፋይሉን ኦዳሲቲ የተባለ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፍተን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አነበብን። ወደ 250 ሚሊሰከንድ። የሰከንድ ሩብ ማለት ነው።

ቀጥሎ ይህ መዘግየት ከብሉቱዙ ነው ወይስ ከኮምፒውተሩ የሚለውን መለየት ነበረብን። ደግነቱ ሄድፎኑ ከገመድ ጋር ነው የመጣው። ገመዱን ሰካንና እንደገና ለካን። መዘግየቱ በጣም ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። ልጁ አሁንም «ይጎትተኛል» ይል ነበር። ሴቲንጉን ስናየው ፕሮግራሙ የሚሠራው በዊንዶውስ ተራ የድምፅ መንገድ ነው፤ የባፈሩ መጠን ደግሞ 2048 ናሙና (ናሙና ማለት አንዲት ቅንጣት የድምፅ ልኬት ናት) ላይ ተቀምጧል። ባፈር ማለት ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ተራ የሚጠብቅበት ማቆያ ነው። ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሆኖ ስለሚያልፍ፣ 2048 ናሙና እስኪሞላ ወደ 46 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ድራይቨሩን የዊንዶውስን ተራ መንገድ ወደሚዘለው፣ ለሙዚቃ ሥራ ወደተሠራው አሲዮ ቀየርነው፣ ባፈሩን ወደ 256 አወረድነው። ይህ 6 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በገመድ እንደገና ሲለካ ጠቅላላው መዘግየት ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ወረደ። የልጁ ፊት በራ። ያን ቀን ሌላ ምንም ሳንሠራ እዚህ ላይ ብናቆም እንኳ ግማሽ ሥራ ነበር፤ ብዙ ሰው ብሉቱዙን የሚወቅስበት መዘግየት ከፊሉ የሚመጣው ከዚሁ ካልተነካ ሴቲንግ ነው።

ሴቲንጉን ሳንነካ ገመዱን ነቅለን ወደ ብሉቱዝ ተመለስን። ወደ 200 ሚሊሰከንድ። የኮምፒውተሩን ድርሻ አውጥተናል፤ የቀረው በአብዛኛው ከብሉቱዙ ጀምሮ ያለው ነው።

200 ሚሊሰከንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ግን ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። በ200 ሚሊሰከንድ ወደ 70 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ዳር ቆሞ ከሩቅ የሚመታ ከበሮ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። እጁ ከበሮው ላይ ሲያርፍ ይታያል፤ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ልጁ 70 ሜትር ርቆ የተቀመጠ መሣሪያ እየተጫወተ ነበር። ለሚጫወት ሰው 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ አያስቸግርም፤ መድረክ ላይ ከስፒከሩ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደመቆም ነው። ከዚያ በላይ እየጨመረ ሲሄድ እጅ ራሱን ይጠራጠራል፣ ሪትም ይሰበራል።

አሁን ወደ ኤልዳክ። ኮዴክ ማለት ድምፁን ላኪው ጋ አጥፎ የሚያሳንስ፣ ተቀባዩ ጋ መልሶ የሚዘረጋ ስሌት ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይፈልጋል፤ የተለመደው ብሉቱዝ ይህን ያህል ተሸክሞ ያለ መቆራረጥ መሄድ ይከብደዋል። ስለዚህ ይታጠፋል። ኤስቢሲ የሁሉም መሠረት ነው። ሙዚቃ በብሉቱዝ የሚተላለፍበት ደንብ በ2003 ሲወጣ ማንኛውም ሄድፎን ኤስቢሲን እንዲያውቅ ግዴታ ተደረገ። በጥሩ ሴቲንግ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ይጠቀማል። ሶኒ የሠራው ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎቢት ይደርሳል። ልጁ ትልቅ ነው ያለው ለዚህ ነው፤ በጥራት በኩል እውነቱን ነው።

ችግሩ ኮዴክ የሁለት ወገን ስምምነት መሆኑ ነው። ላኪውም ተቀባዩም ካላወቁት የለም። የልጁ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። ዊንዶውስ 10 ከራሱ የሚያውቀው ኤስቢሲንና አፕትኤክስ የተባለ ሌላ ኮዴክን ነው። ኤኤሲ የመጣው ከዊንዶውስ 11 ጋር ነው። ኤልዳክ ዊንዶውስ ውስጥ የለም። ሄድፎኑ በበኩሉ አፕትኤክስን አያውቅም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚግባቡበት ቋንቋ ኤስቢሲ ብቻ ሆነ። ካርቶኑ ላይ ከተጻፉት ሦስት ስሞች ሁለቱ ለዚህ ላፕቶፕ ምንም አይደሉም።

ልጁ በዚህ አልረካም። «እንግዲያው ኤልዳክ ቢሠራልኝ ይፈጥን ነበር ማለት ነው?» አለ። ይህንንም መሞከር ይቻል ነበር። ስልኩ አንድሮይድ ነው፤ አንድሮይድ ከ2017ቱ 8ኛ እትም ጀምሮ ኤልዳክን ይዟል። የዴቨሎፐር ሴቲንጉን ከፍተን በሥራ ላይ ያለው ኮዴክ ኤልዳክ መሆኑን አየን። የከበሮ አፕ ጭነን፣ በሌላ ስልክ እየቀዳን፣ በዚያው ዘዴ ለካን። አልፈጠነም። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ መዘግየቱ ግን እዚያው ነው።

ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ኤስቢሲ በአንድ ጊዜ 128 ናሙና ወስዶ ያጥፋል። ይህ 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ኤኤሲ 1024 ናሙና ይሰበስባል፤ ወደ 23 ሚሊሰከንድ። አፕትኤክስ ከሁሉም ይፈጥናል፣ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ። ተጠያቂው ኮዴኩ ቢሆን ኖሮ በኤስቢሲ የሚሠራው ላፕቶፕ እንደ ገመድ ይፈጥን ነበር። 3 ሚሊሰከንድ ከ200 ውስጥ ምን ያህል ነው?

የቀረው የት ሄደ? ሄድፎኑ ውስጥ ነው። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያው ላይ የጎረቤት ዋይፋይ አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ፣ ሽቦ አልባ ማውስ አለ። ብሉቱዝ ከዚህ ግርግር ለማምለጥ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ቻናል ይቀያይራል። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ የድምፅ ጥቅል መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ሲጠፋ እንደገና ይላካል። እስኪላክ ድረስ ሄድፎኑ ዝም እንዳይል ቀደም ብሎ ድምፅ አጠራቅሞ ይይዛል። ይህ ማቆያ ሰፊ ከሆነ ሙዚቃው አይቆራረጥም፤ ግን ሁሉም ነገር በዚያው ልክ ይዘገያል። ጠባብ ከሆነ ይፈጥናል፤ ግን ሰው በመካከል ባለፈ ቁጥር ይቆራረጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳው የፈለግኩት ነገር ይህ ነው። 200 ሚሊሰከንድ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የአምራቹ ምርጫ ነው። ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው መቆራረጥን ወዲያው ይሰማል፤ መዘግየትን ግን በጭራሽ አያውቀውም። ዘፈኑ ከሩብ ሰከንድ በኋላ ቢጀምር ማን ያውቃል? አምራቾች ለእሱ ብለው ማቆያውን ያሰፋሉ። ምርጫ ለመሆኑ ማስረጃው አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ የተባለው ነው። አፕትኤክስ በ1980ዎቹ ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ውስጥ በኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ ከብሉቱዝ በፊት ሬዲዮ ጣቢያዎች ድምፅ በመስመር ለመላላክ ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬ የኳልኮም ንብረት ነው። ይህ ፈጣኑ ዓይነቱ መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያወርደዋል። የተገኘው ትርፍ በዋናነት ከማቆያው መጥበብ ነው። ግን እሱም ላኪውም ተቀባዩም ለዚሁ የተሠራ ሃርድዌር እንዲኖራቸው ይፈልጋል፤ ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። «ጌም ሞድ» የሚል ቁልፍ ያላቸው ኢርፎኖችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ማቆያውን ያጠባሉ።

የፊልሙ ነገር ከዚህ በኋላ ቀላል ሆነ። ፊልም አስቀድሞ የተቀዳ ነው። ሄድፎኑ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለኮምፒውተሩ የሚነግርበት መንገድ በብሉቱዝ ደንብ ውስጥ አለ። ማጫወቻው መዘግየቱን ካወቀ ምስሉንም በዚያው ልክ አዘግይቶ ያሳያል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ። ካላወቀ በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ላይ ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ እየገፉ ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርጉ ቁልፎች አሉ። የሰው ዓይንም ይታገሣል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ድምፅ ከምስል እስከ 125 ሚሊሰከንድ ገደማ ቢዘገይ ተመልካች ልብ አይለውም። ድምፁ ቀድሞ ከመጣ ግን 45 ላይ ይነቃል። ኪቦርድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ማታለያ አይሠራም። ጣት ገና ያልነካውን ኖታ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ዙም እንምጣ። ይህኛው ልጁን ከሁሉም በላይ ያበሳጨው ነበር፤ ተማሪዎቹ ፊት ያዋርደዋልና። ሄድፎኑ ማይክ አለው። ዙም ያንን ማይክ በከፈተ ቅጽበት ብሉቱዙ መንገድ ይቀይራል። የሙዚቃው መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከኮምፒውተር ወደ ጆሮ። ማይክ ሲፈለግ ለስልክ ጥሪ ወደተሠራው፣ ሃንድስ ፍሪ ወደሚባለው መንገድ ይገባል። ይህ መንገድ በያንዳንዱ አቅጣጫ 64 ኪሎቢት ብቻ ነው ያለው። ስቴሪዮው ወደ ሞኖ ይወርዳል። በአሮጌው አሠራር ድምፁ በሰከንድ 8,000 ናሙና ይሆናል፤ ስለዚህ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለ ነገር ሁሉ ይቆረጣል። የፒያኖ የመጨረሻዋ ቀጭን ቁልፍ 4,186 ኸርዝ ናት። መሠረታዊ ድምፅዋ እንኳ አያልፍም! ከዚያ በታች ያሉትም ቢሆኑ ለዛ የሚሰጣቸው ላይኛው ድምፅ ተገፎ ነው የሚደርሱት። በ2011 የወጣው ደንብ ናሙናውን ወደ 16,000 ከፍ አድርጓል፤ ለንግግር ደህና ነው፣ ለሙዚቃ ግን አሁንም ጠባብ ነው።

በዚህ መካከል ልጁ አንድ ነገር አስተዋለ። ዙም ክፍት ሆኖ ኪቦርዱን ሲነካ «አሁን ድምፁ ቀሽም ነው፣ ግን ፈጥኗል እኮ» አለ። ጆሮው ልክ ነበር። ኤፍኤል ስቱዲዮን ወደዚያው የሃንድስ ፍሪ መስመር አዙረን ለካን፤ መዘግየቱ በግልጽ ቀንሷል። ምክንያቱም ሁለት ሰው ሲነጋገር መዘግየት ወሬውን ስለሚያበላሸው፣ የጥሪው መንገድ የተቀጠረለት የማያቋርጥ ተራ አለው እንጂ ሰፊ ማቆያ የለውም። ያንኑ ሄድፎን፣ ያንኑ ሬዲዮ፣ ያንኑ ክፍል ይዘን መዘግየቱ ሲወርድ ማየታችን ክርክሩን ዘጋው። ሬዲዮው መፍጠን ይችላል። የሙዚቃው መንገድ የሚዘገየው ሰፊ ማቆያ ስለተሰጠው ነው።

የዙሙ መፍትሔ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ዊንዶውስ 10 ሄድፎኑን በሁለት ስም ነው የሚያሳየው፤ አንዱ ስቴሪዮ፣ ሌላው ሃንድስ ፍሪ የሚል። ዙም ውስጥ ገብተን ስፒከሩን ስቴሪዮው ላይ፣ ማይኩን የላፕቶፑ የራሱ ማይክ ላይ አደረግን። የሄድፎኑ ማይክ ካልተከፈተ መንገዱ አይቀየርም። ሌሎች ፕሮግራሞች ሳይታወቅ እንዳይከፍቱት ደግሞ በሄድፎኑ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሃንድስ ፍሪ የሚለውን አገልግሎት ጨርሶ አጠፋነው። ተማሪዎቹ የእሱን ድምፅ ጥርት ብሎ ሰሙ፤ እሱም የእነሱን ኪቦርድ ሙሉውን ሰማ። ከአዲስ አበባ አሜሪካ ያለው የኢንተርኔት መዘግየት አለና አብሮ መጫወት አይቻልም፤ ተራ በተራ ግን ይሄዳል።

መቆራረጥም ነበረበት፤ እሱ ቶሎ ተፈታ። ውጫዊ ሃርድ ዲስኩ ከላፕቶፑ ጎን ተሰክቶ ይውላል። የዩኤስቢ 3 ገመድና ሶኬት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ እንደሚለቅ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ዲስኩን በረዘም ያለ ገመድ ራቅ አደረግነው፣ ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዞርነው። መቆራረጡ ቀነሰ።

ልጁ ላፕቶፕ ቢቀይርስ? ይህን ብዙ አሰብንበት። በጥር 2020 ይፋ የሆነው ኤልኢ ኦዲዮ የብሉቱዝን የድምፅ አሠራር ከመሠረቱ ቀይሮታል። ኤልሲ3 የሚባል አዲስ ኮዴክ አለው፤ ድምፁን በ10 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ያጥፋል፣ በትንሽ ኪሎቢት ጥሩ ይሰማል። ሙዚቃና ጥሪ ሁለት የተለያየ መንገድ መሆናቸውም ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ከ2023 ጀምሮ ይደግፈዋል፤ በ2025 ደግሞ ማይክ ተከፍቶም ቢሆን ስቴሪዮው በ32,000 ናሙና እንዲቀጥል የሚያደርግ ማሻሻያ ወጥቷል። የዙሙ ችግር መድኃኒቱ በእርግጥ ይህ ነው። ግን ዊንዶውሱ ብቻ አይበቃም፤ የላፕቶፑ ሬዲዮ፣ ድራይቨሩና ሄድፎኑ ሦስቱም ኤልኢ ኦዲዮን ማወቅ አለባቸው። ካርቶን ላይ «ብሉቱዝ 5.2» ስለተባለ ብቻ አለ ማለት አይደለም። ለኪቦርድ ደግሞ እሱም ገመድን አይተካም፤ 10 ሚሊሰከንዱ መነሻው ብቻ ነው፣ መላኪያውና ማቆያው ገና ይጨመሩበታል። የራሳቸውን የዩኤስቢ ሬዲዮ ይዘው የሚመጡ የጌም ሄድሴቶች ከተለመደው ብሉቱዝ በጣም ይፈጥናሉ። ጌም ለሚጫወት እመክራቸዋለሁ። ለሙዚቀኛ ግን ያንን ዋጋ ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

አክስቱ በቅርቡ በኢሞ ደውላ «አልሆነም አሉኝ፤ የተሻለ ልላክለት እንዴ?» አለች። ሄድፎኑ ምንም እንዳልጎደለው ነገርኳት። ያቀናበረውን ደጋግሞ ለማዳመጥ፣ ለፊልምና ለመንገድ ይጠቀምበታል። አሁን የሚያስፈልገው ባለ ገመድ የስቱዲዮ ሄድፎንና የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ሄድፎኑ የሚሰካበት ውጫዊ የድምፅ ካርድ፣ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ እንኳ ከላከችው ሄድፎን በዋጋ ላይበልጡ ይችላሉ። ስለ ኮዴክ ማንንም እንዳትጠይቅ አልኳት፤ ኪቦርዱ ከላፕቶፑ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ገመዱ 3 ሜትር መሆኑን ብቻ አረጋግጣ ትግዛ።